ዕጣ ነው ወይስ የሰው እጅ? ከኮዬ ፈጬ ስለ መርከበኞቻችን

እናቴ በዕጣ ታምናለች። ብታምንም አይፈረድባትም። ኮዬ ፈጬ ያለውን ኮንዶሚኒየማችንን ያገኘችው በዕጣ ነው። በ1997 ዓ.ም. ተመዘገበች። በ2005 ዓ.ም. እንደገና ተመዘገበች። ከጉልቷ ላይ እየቀነሰች ባንክ ስታስገባ ኖረች። በ2011 ዓ.ም. ዕጣው ወጣላት፤ ቁልፉን ለመረከብ ደግሞ ሌላ ጊዜ ጠበቀች። በየሳምንቱ የምትጥለው እቁብም የሚወጣው በዕጣ ነው።

ስለዚህ ታናሽ ወንድሜ "መርከበኛ ሆኜ ልሄድ ነው" ሲላት ብዙ አልተከራከረችውም። "የአርባ ቀን ዕድሉ ይሆናል" አለች። እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና ቆሎ ልትቆላለት ተነሳች። ከዘር ማንዘራችን ባሕር ያየ ሰው አልነበረም።

አዲስ አበባ ዳር ለሚኖር ሰው ባሕር ሩቅ ነው። እኛ ያለንበት ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ጅቡቲ ለመድረስ በመኪና ወደ 900 ኪሎ ሜትር መጓዝ ያስፈልጋል። ግን ጠዋት ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ቆሞ ላየ ሰው፣ ባሕሩ በደጃችን ሲያልፍ ይውላል። ኮንቴነር የጫኑ ተሳቢዎች በገላንና በቃሊቲ በኩል ይገባሉ። የሰፈራችን ባለሱቅ ራሱ ዘይትና ሳሙና የሚሸጠው አሮጌ ኮንቴነር ውስጥ ነው። ወንድሜ ለእረፍት ሲመጣ እዚያ ሱቅ ፊት ቆሞ በሩ ላይ ያለውን ቁጥር ያነባል። "ይቺ ስንት ወደብ ረግጣለች መሰለህ" ይለዋል ባለሱቁን። ባለሱቁ ይስቃል።

ካለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ወዲህ ስለ ባሕር በር የማይወራበት ቦታ የለም። ታክሲ ውስጥ ይወራል። ለቅሶ ቤት ይወራል። መወራቱ ደስ ይለኛል፤ ከ90 በመቶ በላይ የሆነው የገቢና ወጪ ንግዱ በአንድ ጎረቤት ወደብ ለሚያልፍ አገር ትልቅ ጉዳይ ነው። የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። ስለ ወደቡ ስናወራ መርከቡ ላይ ስላለው ሰው አናወራም። ካወራንም አንድ ቃል ነው ያለን። ደመወዙ ሲነሳ "ዕድለኛ ነው፣ በዶላር ይከፈለዋል" እንላለን። መርከብ ተመታ፣ ሰጠመ፣ ታገተ ሲባል ደግሞ "ምን ይደረግ፣ ዕድሉ ነው" እንላለን። ዕድል የሚለው ቃል ሁለቱንም ተሸክሟል። እኔ ግን በዚህ ቃል ሥር የተሸፈነ ብዙ ነገር አለ ባይ ነኝ። ወንድሜ ላይ በደረሰው ነገር ነው ይህን የተማርኩት። እሱ ጋ ለመድረስ ግን ትንሽ ከኋላ ልጀምር።

ኢትዮጵያ የንግድ መርከብ ድርጅት ያቋቋመችው በ1956 ዓ.ም. ነው። ያኔ አሰብና ምጽዋ ነበሩ። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን የባሕር ዳርቻችን አብሮ ሄደ። መርከቦቹ ግን አልቀሩም። ጅቡቲን መነሻ አድርገው ቀጠሉ። ስማቸው ሁሉ የአገር ቤት ስም ነው፦ ጊቤ፣ ሸበሌ፣ ሐዋሳ፣ ጅግጅጋ። ባሕር የሌላት አገር ወንዞቿንና ከተሞቿን ባሕር ላይ ታንሳፍፋለች። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል።

ባሕር ላይ ለመሥራት አንዱ መንገድ እነዚህ መርከቦች ናቸው። ሁለተኛው መንገድ የውጭ መርከብ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የማሪታይም ተቋም በሜካኒካልና በኤሌክትሪካል ምህንድስና የተመረቁ ልጆችን ተቀብሎ ለመርከብ ያሠለጥናል። ቢሾፍቱም ባቦጋያ ላይ የማሪታይምና ሎጂስቲክስ አካዳሚ አለ። ከእነዚህ የወጡ ልጆች የዓለምን መርከብ ሞተር ያንቀሳቅሳሉ። ወንድሜ የመጣው በባሕር ዳሩ ነው። ፋብሪካ ተቀጥሮ መሥራት ነበር ሐሳቡ። ቅጥሩ በዚያ ዓመት ቀረ። ማስታወቂያውን አየና ከአንድ የዶርም ጓደኛው ጋር አመለከቱ።

ጓደኛው ከእሱ ይበልጥ ጎበዝ ነበር። በፈተናው በልጦት አለፈ። የጤና ምርመራው ላይ ግን ነጠብጣብ ቀለም ያለበት መጽሐፍ ተሰጠው። በነጠብጣቦቹ መሃል ያለውን ቁጥር አንብብ ተባለ። ቁጥር የሚባል ነገር አልታየውም። ቀይና አረንጓዴን መለየት እንደማይችል ያወቀው በዚያ ቀን፣ 20 ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። መርከብ ላይ የሽቦ ቀለም፣ የማስጠንቀቂያ መብራት፣ የቧንቧ ቀለም መለየት ግድ ነው። ስለዚህ ቀረ። አሁን ሞጆ ደረቅ ወደብ አካባቢ ይሠራል፤ ሌሎች ያመጡትን ኮንቴነር ይቆጥራል። ይህን ዕጣ ብሎ መጥራት እችላለሁ። ማንም አልወሰነበትም። ከእናቱ የወረሰው ነው።

ባሕር ላይም እንዲህ ያለ እውነተኛ ዕጣ አለ። አልክድም። በሰኔ ወር እ.ኤ.አ. 2024 ቱተር የተባለች መርከብ ቀይ ባሕር ላይ ሰው በሌለበት ፈንጂ ጀልባ ተመታች። ጀልባዋ የመታችው በሞተር ክፍሉ በኩል ነው። ከሠራተኞቹ አንዱ ጠፋ። በዚያ ሰዓት ሞተር ክፍል ነበረ ተብሎ ነው የሚታመነው። ሌሎቹ ተረፉ። መርከብ ላይ ሥራው በፈረቃ ነው። አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል። ምሳውን ለመጨረስ አምስት ደቂቃ የዘገየ ሰውና በሰዓቱ የወረደ ሰው አንድ ዕጣ አይደርሳቸውም። ያን ዜና የሰማሁ ቀን ወንድሜን በቴሌግራም ስንት ጊዜ እንደደወልኩለት አላስታውስም። እሱ ያኔ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ነበር። ሲያነሳልኝ "ከፈረቃ ወጥቼ ተኝቼ ነው" አለኝ። ከፈረቃ የሚለውን ቃል ስሰማ ቁጭ አልኩ።

በሐምሌ 2025 የሆነውንም ጨምሩበት። በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ በዚያው ቀይ ባሕር፣ ሁለት የላይቤሪያ ሰንደቅ ዓላማ የሚያውለበልቡ መርከቦች ተመትተው ሰጠሙ። የመጀመሪያዋ ማጂክ ሲስ ናት። 22 ሰዎቿ በሙሉ ተረፉ። በአቅራቢያ የምታልፍ አንዲት የንግድ መርከብ አነሳቻቸውና ጅቡቲ አደረሰቻቸው። ሁለተኛዋ ኢተርኒቲ ሲ ናት። ከእሷ ሰዎች ሞቱ፤ በሕይወት ከተረፉትም የታገቱ ነበሩ። የአንዱ ልጅ አባቱን አገኘ። የሌላው ልጅ ይጠብቃል። የምታልፍ መርከብ መኖር አለመኖሯ ዕድል ካልሆነ ምን ዕድል ይባላል?

ግን እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አለ። ለምን እነዚያ ሁለቱ? በዚያ ሳምንት በቀይ ባሕር ያለፉት እነሱ ብቻ አልነበሩም። መርከቦቹን የመቱት የየመን ታጣቂዎች፣ ሁቲዎች፣ ያሉት ምክንያት የባለቤቶቹ ኩባንያዎች ሌሎች መርከቦች የእስራኤልን ወደብ ረግጠዋል የሚል ነው። በቢሮ ውስጥ የተፈረመ የጭነት ውል፣ በዚያ ውል ላይ እጁ የሌለበትን ሰው አስገደለ ማለት ነው። ጋላክሲ ሊደር የተባለችው መርከብም እንደዚያው ናት። እ.ኤ.አ. ኅዳር 19 ቀን 2023 በሄሊኮፕተር ወርደው ያዟት። ባለቤትነቷ ከአንድ እስራኤላዊ ነጋዴ ጋር ይያያዛል። የሚያሠራት የጃፓን ኩባንያ ነበር። ሰንደቅ ዓላማዋ የባሃማስ ነበር። ላይዋ የነበሩት 25 ሰዎች ደግሞ ከፊሊፒንስ፣ ከቡልጋሪያ፣ ከዩክሬን፣ ከሜክሲኮና ከሮማንያ የመጡ ነበሩ። ከመሃላቸው አንድም እስራኤላዊ አልነበረም። 14 ወር ታገቱ። የተለቀቁት በጥር 2025 ነው። የእነዚህን ሰዎች 14 ወር "ዕድላቸው ነው" ብሎ መዝጋት ይከብደኛል። በዚያ መንገድ እንለፍ ብሎ የወሰነ ሰው አለ። መርከቧን ለመያዝ የወሰነም ሰው አለ። ምንም ያልወሰኑት መርከበኞቹ ብቻ ናቸው።

ባሕር ላይ ዕድል ሲባል የኖረው ነገር ኋላ ሲመረመር የሰው እጅ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ ብዙ ነው። ለምሳሌ ስከርቪ የሚባለው፣ ድድን የሚያደማው፣ ጥርስን የሚያረግፈው፣ አሮጌ ቁስልን የሚከፍተው በሽታ። ለዘመናት በረጅም ጉዞ ላይ መርከበኛን ሲጨርስ ኖሯል። የባሕር ዕጣ ነው ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1747 ጄምስ ሊንድ የተባለ የመርከብ ሐኪም 12 ሕመምተኞችን ለሁለት ሁለት ከፍሎ የተለያየ ነገር ሰጣቸው። ብርቱካንና ሎሚ የበሉት ሁለቱ በቀናት ውስጥ ተነሡ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የሎሚ ጭማቂን ለመርከበኛው ሁሉ ማደል የጀመረው ግን በ1795 ነው። መድኃኒቱ ከታወቀ በኋላ ወደ 50 ዓመት ገደማ ሰው ሞተ። ከ1747 በፊት የሞቱት ሳያውቁ ሞቱ። ከዚያ በኋላ የሞቱትን ምን እንበላቸው?

ከዚህ በላይ የሚያንገበግበኝ የመስመሩ ታሪክ ነው። መርከብ ጎን ላይ ክብ ምልክትና በመሃሉ የሚያልፍ አግድም መስመር አለ። ፎቶ ላይ አይታችሁት ይሆናል። መስመሩ ውኃው ውስጥ ከገባ መርከቡ ከልክ በላይ ተጭኗል ማለት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ አንዳንድ ባለመርከቦች ያረጀ መርከብ እስከ አፍጢሙ ይጭናሉ። ኢንሹራንሱን ከዋጋው በላይ ይገቡለታል። ቢደርስ ጭነቱ ያተርፋል፤ ቢሰጥም ኢንሹራንሱ ያተርፋል። መርከበኞቹ "ተንሳፋፊ ሬሳ ሣጥን" ይሏቸው ነበር። አልሄድም ያለ መርከበኛ ውል አፈረስክ ተብሎ ይታሰራል። ሳሙኤል ፕሊምሶል የተባለ የምክር ቤት አባል ይህን ይዞ ተነሣ። በ1875 ምክር ቤቱ ውስጥ ተቆጥቶ ጮኸ። በቀጣዩ ዓመት በ1876 እያንዳንዱ መርከብ መስመር እንዲኖረው ሕግ ወጣ። ሕጉ ግን መስመሩ የት ይሁን የሚለውን ለባለመርከቡ ተወው። ባለመርከቡ ደስ ባለው ከፍታ ያሰምራል። ቦታው በሕግ እስኪወሰን 14 ዓመት ፈጀ። እስከዚያ ድረስ የሞተው መርከበኛ ሚስት ለቅሶ ስትቀመጥ ሰው ምን ብሎ እንዳጽናናት መገመት አያቅተኝም።

እኛም ይህን የምናውቅበት መንገድ አለን። በ2014 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የ25,791 ኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ ወጣ። ሰው እልል አለ፣ ሰው አለቀሰ። ዕጣ ያልወጣለት "ዕድሌ አይደለም" ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ከቀናት በኋላ ኮምፒዩተሩ ውስጥ የገባው የስም ዝርዝር የማይገባቸውን ሰዎች የያዘ ሆኖ ተገኘና ዕጣው ተሰረዘ። በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ላይ እንደገና ወጣ። በእነዚያ ቀናት ጎረቤታችን ያለችው ከጆሮዬ አይጠፋም። "እኔኮ እግዜርን ስወቅስ ነበር" አለች። የሰው እጅ የነካውን ነገር ፈጣሪ ላይ ስናሳብብ ስንት ጊዜ ኖረናል?

አሁን ወደ ወንድሜ ልመለስ።

ነገሩ የደረሰበት ሦስተኛ ኮንትራቱ ላይ ነው። መርከቡ ያረጀ የጅምላ ጭነት መርከብ ነበር። ኩባንያውን አልጠራም። ወንድሜ የሞተር ክፍል መኮንን ነው። ሞተሩን ከማየት በተጨማሪ ከባሕር ውኃ የሚጠጣ ውኃ የሚያወጣውን ማሽንም ይቆጣጠራል። በሞተሩ ሙቀት የባሕሩን ውኃ ያፈሉታል፣ እንፋሎቱን መልሰው ያቀዘቅዙታል። በቀን 20 ቶን ገደማ ይወጣል። እናቴ ይህን ስትሰማ በጣም ነበር የገረማት። እኛ ብሎክ ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ሮቶና ጀሪካን ሞልተን ነው የምንከርመው። "ከጨው ውኃ አውጥቶ የሚያጠጣ ልጅ ነው የወለድኩት" እያለች ለቡና ጎረቤቶቿ ታወራ ነበር።

የመጀመሪያው ወር ደመወዝ ዘገየ። የባንክ ችግር ነው ተባለ። ሁለተኛውም ዘገየ። ሦስተኛው ላይ መርከቡ አንድ ወደብ ውጭ መልሕቁን ጣለና ቆመ። ነዳጅ ለመቆጠብ ጄኔሬተሩ በቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ ይበራል። ሞተር ሲቆም ውኃ ማውጫውም ይቆማል። ሥጋው አለቀ፣ ከዚያ አትክልቱ አለቀ። ሩዝና ሽንኩርት ቀረ። ወንድሜ ለእኛ ይህን ሁሉ አልነገረንም። "ሥራ በዝቶ ነው፣ ኔትወርክ የለም" ይል ነበር። እናቴ ግን በድምፁ አወቀች። ለቁልቢ ገብርኤል ተሳለች። የቀጠረው ኤጀንት ሲደወልለት የሚመልሰው አንድ ነገር ነው። "ታገሱ፣ ዕድላችሁ ሆኖ ነው፣ ባለቤቱ ገንዘብ ሲያገኝ ይከፍላል።" ሰባት ወር ሞላ።

ነገሩን የቀየረው የመርከቡ ምግብ አብሳይ ነው። ሸምገል ያለ ፊሊፒናዊ። አንድ ማታ ወንድሜን እጁን ይዞ መመገቢያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ወደተለጠፈ ወረቀት ወሰደው። በመስታወት ውስጥ ያለ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የኢንሹራንስ የምስክር ወረቀት ነው። ወንድሜ በየቀኑ ሦስት ጊዜ በዚያ ወረቀት ሥር ምግብ በልቷል። አንድም ቀን አንብቦት አያውቅም።

ወረቀቱ ምን እንደሆነ በእኛ አገር ነገር ላስረዳ። እድር እናውቃለን። ሁሉም ይከፍላል፣ የአንዱ ቤት ሲፈርስ በሁሉም ገንዘብ ይቆማል። የመርከብ ባለቤቶችም የራሳቸው እድር አላቸው። ፒ ኤንድ አይ ክለብ ይሉታል። ባለመርከቦቹ በጋራ ያዋጣሉ፤ አንዱ መርከብ አደጋ ሲያደርስ፣ ሰው ሲጎዳ፣ ዘይት ሲያፈስ ክለቡ ይከፍላል። ከዓለም የባሕር ንግድ መርከቦች ጭነት አቅም 90 በመቶ ገደማ የሚሆነው በአንድ ላይ በተሰባሰቡ ጥቂት ክለቦች ሥር ነው። በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ሥር የወጣው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት፣ መርከበኞች ኤም ኤል ሲ የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ አንድ ግዴታ ጨመረ። እያንዳንዱ መርከብ፣ ባለቤቱ ሠራተኛውን ጥሎ ቢተወው የሚከፍል ዋስ ሊኖረው ይገባል። የዋሱ ወረቀት ሠራተኛው በሚያየው ቦታ መለጠፍ አለበት። ለሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ሰው እንደተጣለ ሊቆጠር ይችላል። ዋሱ እስከ አራት ወር የሚደርስ ውዝፍ ደመወዝ፣ ምግብና ውኃ፣ ወደ አገር መመለሻ ትኬት ይሸፍናል። እቁብ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል አይደል? ያው ነው። ዕጣ ባለበት ቦታ ሁሉ አዋቂ ሰው ዋስ ይይዛል።

ወንድሜና ጓደኞቹ ወረቀቱ ላይ ያለውን አድራሻ ፎቶ አነሡ። ለዋሱ ጻፉ። ለዓለም አቀፉ የትራንስፖርት ሠራተኞች ፌዴሬሽንም ጻፉ። ከሳምንታት በኋላ አንድ ተቆጣጣሪ መርከቡ ላይ ወጣ። የአራት ወር ደመወዛቸውና ትኬታቸው መጣ። የቀረው ሦስት ወር እስከ ዛሬ አልተከፈለም። በሁለተኛው ወር ወረቀቱን አንብበውት ቢሆን ኖሮ ሦስቱ ወር ባልጠፋ። ወንድሜን የሚያንገበግበው ይህ ነው፤ እኔንም።

ይህ የእሱ ብቻ ታሪክ ቢሆን አልጽፈውም ነበር። ፌዴሬሽኑ እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ ከ3,000 በላይ መርከበኞች በ312 መርከቦች ላይ ተጥለው እንደነበር መዝግቧል። ሰው እንዴት ይጣላል ለሚል፣ የመርከብን ታርጋ ማወቅ ይጠቅማል። መርከብም እንደ መኪና የሚመዘገብበት ቦታ አለው። ባለቤቱ አንድ አገር ይሆናል፣ ታርጋው ግን የፓናማ ወይም የላይቤሪያ ወይም የማርሻል ደሴቶች ነው። ርካሽ ስለሆነና ቁጥጥሩ ስለሚላላ ብዙው እዚያ ይመዘገባል። ችግር ሲመጣ መርከበኛው የሚከሰው ሰው ያጣል። ባለቤቱ ስልክ አያነሳም። ባለታርጋው አገር ሩቅ ነው። የቆመበት ወደብ ደግሞ "መርከቡ ላይ ዕዳ አለ፣ ጠባቂ ሳይኖረው አትወርድም" ይለዋል።

አማን በምትባል መርከብ ላይ የሆነው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ግብፅ ውስጥ ወረቀቶቿ ጊዜያቸው አልፎ ታገደች። ፍርድ ቤት የመርከቧ ሕጋዊ ጠባቂ የሚሆን ሰው ሲፈልግ ካፒቴኑ የብስ ላይ ነበር። ምክትሉ፣ ሶሪያዊው መኮንን፣ መርከቧ ላይ ተገኘ። እሱን ጠባቂ አደረጉት። ፓስፖርቱን ወሰዱት። ሌሎቹ አንድ በአንድ ሄዱ። እሱ ቀረ፤ ከ2019 ወዲህ ብቻውን ነበር። እናቱ ስትሞት መቅበር አልቻለም። መርከቧ በማዕበል ተገፍታ ወደ ዳርቻ ስትጠጋ፣ በየጥቂት ቀኑ እየዋኘ ይወጣና ስልኩን ቻርጅ አድርጎ ምግብ ይዞ ይመለስ ነበር። በሚያዝያ 2021 ነው አገሩ የገባው። በዚያ ቀን ካፒቴኑ የብስ ላይ መሆኑ ዕጣ ነው እሺ። ከዚያ በኋላ ያለው አራት ዓመት ግን ዕጣ አይባልም። በየቀኑ አንድ ሰው ብዕር አንሥቶ ሊያስቀረው ይችል ነበር።

የሚጣል መርከብ ጦስ መርከበኛው ላይ ብቻ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ2013 ሮሰስ የተባለች መርከብ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ይዛ ቤይሩት ገባች። ባለቤቷ ጣላት። ካፒቴኑና ሦስት ሠራተኞች ወራት ሙሉ መርከቧ ላይ እንዲቆዩ ተደረጉ፤ የተለቀቁት በ2014 ነው። ጭነቱ መጋዘን ገባና ተረሳ። ነሐሴ 4 ቀን 2020 ፈነዳ። ቤይሩት ውስጥ ስንት እህቶቻችን በሰው ቤት እንደሚሠሩ ለእኛ ሰፈር መንገር አያስፈልግም። በዚያ ቀን ኮዬ ፈጬ ውስጥ ስልክ ያልደወለ ብሎክ ያለ አይመስለኝም። "ምን ዓይነት ክፉ ቀን ነው" ይባል ነበር። ቀኑን ክፉ ያደረገው ከሰባት ዓመት በፊት ደመወዝ ያልከፈለ አንድ ባለመርከብና ደብዳቤ አንብበው ያስቀመጡ ሰዎች ናቸው።

ኢትዮጵያ የባሕር ሠራተኞቹን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2019 አጽድቃለች። በስምምነቱ መሠረት ቀጣሪ ኤጀንት ሥራ አስገባሃለሁ ብሎ ከመርከበኛ ገንዘብ መቀበል አይችልም። መርከበኛው የሚከፍለው ለጤና ምርመራ፣ ለባሕርተኛ ደብተሩና ለፓስፖርቱ ብቻ ነው። ይህን በደንብ ያዙልኝ። ምክንያቱም ሰፈራችን ውስጥ "መርከብ ላስገባህ" የሚል ደላላ አለ። እናት ወርቋን ሸጣ፣ አባት ተበድሮ ይከፍላል። ልጁ የሚሄደው ማን ያውቀዋል በማይባል መርከብ ነው። ሲጣልም "ዕድሉ" ይባላል። የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ይህን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በራዲዮ ደጋግሞ ቢናገረው ብዙ ቤት ይተርፍ ነበር። የሚያሠለጥኑት ተቋማትም የምስክር ወረቀቱን እንዴት ማንበብ እንደሚቻል ለመጨረሻው ዓመት ሳያቆዩ፣ ከሞተሩ ጋር እኩል ቢያስተምሩት እላለሁ። አደገኛ ተብሎ በተለየ ባሕር አልሄድም የማለት መብትም አለ። ግን በአብዛኛው የሠራተኛ ማኅበር ስምምነት በተፈረመበት መርከብ ላይ ላለ ሰው ነው። ከመፈረሙ በፊት የማይጠይቅ ልጅ መብቱ ይኑረው አይኑረው የሚያውቀው ቀይ ባሕር አፍ ላይ ሲደርስ ነው።

ከእናቴ ጋር በዚህ ብዙ ተከራክረናል። የኔ ነገር እምነቷን የሚነካ መስሏት ቅር ይላት ነበር። አንድ ቀን ጾመ ነነዌ ላይ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ራሷ አነሣችው። በዮናስ ታሪክ መርከበኞቹ ዕጣ ይጣጣላሉ። የሙስሊም ጎረቤታችንም የዩኑስ ታሪክ ላይ ዕጣው እንዳለ ነገረቻት። እናቴን የገረማት ግን ሌላ ቦታ ነው። መርከበኞቹ ዕጣውን ከመጣላቸው በፊት ጭነታቸውን ባሕር ውስጥ ጥለው ነበር። ዕጣው ዮናስ ላይ ከወደቀ በኋላ እንኳ ወዲያው አልወረወሩትም። ወደ የብስ ሊመልሱት ቀዘፉ። "ዕጣው ወጥቶም ቀዘፉለትኮ" አለችኝ። ከዚያ ዝም ብላ ቡናዋን ቆላች።

ወንድሜ በሚያዝያ እንደገና ሄደ። እናቴ ቆሎውን ቆላች፣ ስለቷን ተሳለች፣ ጸበሉን በትንሽ ጠርሙስ ሰጠችው። መርከቡ ላይ በወጣ በሦስተኛው ቀን ደወለ። ደህና ነህ ወይ፣ በላህ ወይ ከማለቷ በፊት "ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አየኸው?" አለችው። ፎቶውን ላከላት። እንግሊዝኛ አታነብም። ስልኳን ይዛ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣችና የጎረቤታችንን የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ልጅ ጠራችው።

"አንተ ልጅ፣ ና እስቲ" አለችው። "የሚያበቃበትን ቀን አንብብልኝ።"